የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ለቀበሌያችን ምን ይሠራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ አርባ ምንጭ፣ አዳማ። በእነዚህ ከተሞች ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ድንጋዩን፣ አፈሩንና የከርሰ ምድር ውሃውን የሚያጠኑ መምህራን አሉ። ብዙ ሰው ግን ሄዶ በራቸውን ማንኳኳት እንደሚችል አያውቅም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከገበሬ፣ ከመምህር፣ ከወረዳ ባለሙያና ውጭ አገር ካሉ ወገኖች የሚነሱ ናቸው። አንዳንዱን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ። አንዳንዱ ጥቂት መስመር ይበቃዋል።

የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ድንጋይ ከመሰብሰብ ሌላ ለእኛ ምን ይጠቅማሉ?

የምትጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣና ምን እንደተቀላቀለበት መርምረው ይነግሯችኋል። ቤታችሁ ያረፈበት ተዳፋት ያሰጋ እንደሆነ ያያሉ። የት ቢቆፈር ውሃ እንደሚገኝ፣ የት ቢቆፈር ገንዘብ ሜዳ ላይ እንደሚቀር ይለያሉ። መሬት ሲንቀጠቀጥ መነሻውን ያገኛሉ።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይታወቅ። ጂኦሎጂስቱ አካባቢያችሁን ቢበዛ ለጥቂት ሳምንታት ነው የሚያየው። እናንተ ዕድሜ ልካችሁን ኖራችሁበታል። የትኛው ምንጭ በየትኛው ዓመት እንደደረቀ፣ የትኛው ማሳ በየክረምቱ እንደሚሰነጠቅ የሚናገር መሣሪያ የለም። ይህን የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ናቸው። የእነሱ እውቀትና የመሣሪያው ንባብ ሲገናኙ ነው ሥራው ሥራ የሚሆነው።

ይህን የሚያደርጉት በበጎ ፈቃድ ነው ወይስ ግዴታ አለባቸው?

ሥራቸው ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር ማኅበረሰብን እንዲያገለግሉ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን የሚከታተል የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል አላቸው። ስለዚህ ስትጠይቁ አንገት መድፋት አያስፈልግም። በጀታቸው ግን ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። መኪና፣ ነዳጅና የላቦራቶሪ ኬሚካል እንደልብ አይገኝም። ይህንን አውቆ መቅረብ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

የሰፈራችን ልጆች ጥርስ ይበልዛል። ከውሃው ነው ይባላል። እውነት ነው?

የምትኖሩት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ውሃው ነው። ጥርስ የሚያበልዘው በውሃው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ፍሎራይድ ይባላል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ምላስም አያውቀውም። ኩልል ብሎ የሚታይ ውሃ ብዙ ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከድንጋዩ ነው። የስምጥ ሸለቆው ወለል በእሳተ ገሞራ አመድ፣ በፐሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና በመሳሰሉት አለቶች የተሞላ ነው። ውሃው በእነዚህ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሰርግ ፍሎራይዱን ያሟሟዋል። በሌላ አካባቢ ቢሆን ካልሲየም ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ሶዲየም ይበዛበታል እንጂ ካልሲየም ያንሰዋል። ስለዚህ ፍሎራይዱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ፍል ውሃ ባለበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚጎዱት ጥርሳቸው ገና ከድድ ሥር እየተሠራ ያሉ ሕፃናት ናቸው። አንዴ የበለዘ ጥርስ ውሃ ስለተቀየረ አይነጣም። መጠኑ በጣም ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትን ያጠቃል። ወገብ አልታጠፍ ይላል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል። በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ ሐኪሞች ይህን ከብዙ ዓመታት በፊት መዝግበውታል።

ውሃውን ማፍላት አይረዳም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበረታል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ እናቶች «አፍልቼ ነው የማጠጣቸው» ብለው ስለሚጽናኑ ነው። ማፍላት ለጀርም እንጂ ለፍሎራይድ አይሆንም።

ትምህርት ክፍሉ እዚህ ላይ የሚያደርገው በጣም ቀላልና በጣም ጠቃሚ ነገር አለ። የቀበሌውን ጉድጓዶች በሙሉ አንድ በአንድ ይለካል። የአንድ ሰፈር ሁለት ጉድጓዶች፣ ምናልባትም ተጎራብተው ያሉ፣ ፈጽሞ የተለያየ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ። ጥልቀታቸውና የሚጠጡት አለት ስለሚለያይ ነው። ካርታው ሲወጣ አንዱ ጉድጓድ ለመጠጥ፣ ሌላው ለልብስና ለከብት ይባላል። ይህ ብቻውን ምንም ሳይገነባ የብዙ ልጆችን ጥርስ ያድናል።

ደህና ውሃ በጭራሽ ከሌለስ? ከደጋው ምንጭ በቧንቧ ማምጣት ከሁሉ ይሻላል። ካልሆነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ወይም ማጣራት ይቀራል። በአገራችን አንዱ በአሉምና በኖራ የሚያጣራው ዘዴ፣ ሌላው በከብት አጥንት ከሰል የሚያጣራው ተሞክረዋል። የአጥንቱ ከሰል በደንብ ይሠራል። ነገር ግን የእንስሳ አጥንት ስለሆነ ምን ዓይነት እንስሳ ነው፣ በጾም ይፈቀዳል ወይ የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ማጣሪያው ከመገዛቱ በፊት ከቄሱም ከሼሁም ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል። ከሰሉ ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ይለወጣል። ማን ይለውጠዋል፣ በማን ገንዘብ? ለዚህ መልስ ያልተገኘለት ማጣሪያ ዕድሜው አጭር ነው።

የምንኖረው ውጭ አገር ነው። ለትውልድ ቀበሌያችን ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ አዋጥተናል። ከየት እንጀምር?

ከቆፋሪው አትጀምሩ፣ ከጥናቱ ጀምሩ። ዋሽንግተንም ሁኑ ሪያድ፣ ቴል አቪቭም ሁኑ ስቶክሆልም፣ ገንዘቡ የብዙ ሰው ላብ ነው። ደረቅ ጉድጓድ ደግሞ የሚቆፈረው በዚያው ዋጋ ነው።

ጥናቱ የሚጀምረው ከመሬት ላይ ነው። ባለሙያዎቹ የብረት ዘንጎች መሬት ላይ ይተክሉና ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። ውሃ ያዘለ አለትና ደረቅ አለት ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፉበት መጠን ይለያያል። ዘንጎቹን እያራራቁ ሲለኩ የበለጠ ጥልቀት ያያሉ። ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት በሞላበት የደጋ አገር ውሃው የሚገኘው አለቱ በተሰነጠቀበት ወይም በሁለት የላቫ ንጣፎች መካከል ነው። ስለዚህ መቶ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ብሎ መቆፈር ልዩነት ያመጣል።

ከዚያ የምትጠይቁትን ልንገራችሁ። ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ስለ ቦታው ያውቃል ወይ? የፓምፕ ሙከራ ይደረጋል ወይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ለረጅም ሰዓት እየተቀዳ ውሃው ምን ያህል እንደሚወርድ ይለካል ወይ? የውሃው ጥራት፣ ፍሎራይዱም ጭምር፣ ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ይመረመራል ወይ? መለዋወጫ በቅርብ ከተማ ይገኛል ወይ? ቁልፉን የሚይዘውና ወርሃዊ መዋጮ የሚሰበስበው ኮሚቴ ማን ነው፣ ሴቶች አሉበት ወይ? ውሃ የሚቀዱት በአብዛኛው እነሱ ናቸውና ጉድጓዱ የት ይሁን ሲባል ቀድመው መጠየቅ ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

ገበሬ ራሱ ለሳይንስ የሚሆን ልኬት መውሰድ ይችላል?

ይችላል፣ ተችሏልም። በአዊ ዞን ዳንግላ ወረዳ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራውን ሥራ እንደ ምሳሌ ላንሳ። እንግሊዝ አገር ካለው የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከአገር ውስጥ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የጉድጓድ ውሃን እንዲለኩ አደረጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመው ጥናት የነዋሪዎቹ መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ የማያንስ ሆኖ እንዳገኘው ገልጿል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ሌላው ነገር ነው። ውጤቱ ወደ ነዋሪዎቹ ተመልሶ በስብሰባ ይታይ ነበር። የለካው ሰው የለካው ነገር ምን እንደሆነ አየው።

ሥራው ምን ይመስላል? የዝናብ መለኪያው ዛፍና ጣሪያ በማይጋርደው ቦታ ይተከላል። ለካኪው በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይሄዳል። ውሃውን ወደ መለኪያው ብርጭቆ ይገለብጣል። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውሃው ወለል ጋር ያስተካክላል። ውሃ በብርጭቆ ውስጥ ዳር ዳሩን ከፍ፣ መሀሉን ዝቅ ይላል። የሚነበበው የመሀሉ ነው። ቀኑንና ቁጥሩን ይጽፋል፣ ውሃውን ይደፋል።

ሁለት ነገር ብቻ ደጋግሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። ዝናብ ያልጣለበት ቀን 0 ተብሎ ይጻፋል። ሳይለካ የቀረ ቀን ግን ባዶ ይተዋል። ለቅሶ ወይም ገበያ ሄዶ ያልለካ ሰው «እንዲህ ይሆናል» ብሎ ቁጥር ከሞላ መዝገቡ ሁሉ ይበላሻል። ባዶ ቦታ አያሳፍርም። ይህን ለለካኪው በፍቅር ነው መንገር ያለብን፣ ሰዎች ባዶ የሚሞሉት ሥራውን ያልሠሩ እንዳይመስልባቸው ነውና።

የእጅ ጉድጓድ ደግሞ ጫፉ ላይ ክብደት ባለው ሜትር ይለካል። ሰው መቅዳት ሳይጀምር፣ በማለዳ ቢሆን ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሲጠራቀም ውሃው በየትኛው ወር እንደሚወርድ ይታያል። በጋ መስኖ ለስንት ጥማድ መሬት እንደሚበቃ ለመገመት የሚነሱት ከዚህ ነው።

መሬት ሲንቀጠቀጥ ለማን እንናገር? እናንተስ አስቀድማችሁ ለምን አትነግሩንም?

ከሁለተኛው ልጀምር። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ መናገር የሚችል ሰው በዓለም ላይ የለም። ነገ በዚህ ሰዓት ይመጣል የሚል የቴሌግራም መልእክት ከደረሳችሁ ውሸት ነው፣ አታስተላልፉት። የሚታወቀው የትኛው አካባቢ እንደሚያሰጋ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬና ማጀቴ፣ በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ በመንቀጥቀጥ ክፉኛ ፈርሰዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ቦታ ነገም ይንቀጠቀጣል ብሎ መገንባት ብልህነት ነው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከመሬት በታች ቅልጥ አለት ስንጥቅ እየከፈተ ሲገፋ መሬቱ ለወራት ተናወጠ። ታኅሣሥ ላይ ዶፈን አካባቢ እንፋሎትና አቧራ ከመሬት ወጣ። የካቲት 7 ቀን መጠኑ 6 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። በእነዚያ ወራት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረቡ ያስረዱ ነበር። እኔ እንደማስበው ከምርምር ጽሑፎቻቸው ሁሉ ይልቅ ሕዝቡን ያረጋጋው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ የሚነገረው ቀጥተኛ ቃል ነው። የአፋርኛው ድርሻ ግን አሁንም ትንሽ ነው። ቅድሚያ ማግኘት የሚገባው እሱ ነበር።

ምን ሪፖርት ይደረግ ላላችሁት፣ ጥቂት ነገር ይበቃል። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደነበራችሁ፣ ምን እንደወደቀ ወይም እንደተሰነጠቀ፣ ድምፅ ተሰምቶ እንደሆነ። ጉዳዩን የሚከታተለው አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም ነው። የተቋሙ መነሻ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ካናዳዊው ቄስ ፒየር ጉዊን የመሠረቱት ታዛቢ ጣቢያ ነው። በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ ብትነግሩም ያደርሳል። የምስክር ቃል ዋጋ እንዳለው በ1998 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ሲላቀቅ፣ ፍንዳታውን በዓይናቸው ያዩት አርብቶ አደሮች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ በኋላ ሲደርሱ የሆነውን በቅደም ተከተል ለመረዳት የእነሱ ቃል ረድቷቸዋል።

አዲስ አበባ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አልጋው ሲወዛወዝ ታች ያለው ዘበኛ ምንም አልተሰማኝም አለ። ማን ነው ልክ?

ሁለታችሁም። ከሩቅ የመጣ መንቀጥቀጥ ዝግ ያለ ማዕበል ነው፣ ረጅም ሕንፃ ይወዛወዝበታል፣ መሬት ላይ የቆመ ሰው ላይሰማው ይችላል። በደረጃ አትሩጡ፣ አሳንሰር አትግቡ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ እስኪቆም ጠብቁ።

ከቤታችን በላይ ያለው ተዳፋት ላይ ስንጥቅ አየን። ያሰጋናል?

ሊያሰጋ ይችላልና ዛሬውኑ ለቀበሌው ተናገሩ። ይህን ጥያቄ አቅልዬ መመለስ አልችልም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ናቸው። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው።

ችግሩ የጎፋ ብቻ አይደለም። የደሴ ከተማ ዙሪያ፣ የዓባይ በረሃ መንገድ፣ በ1998 ዓ.ም. ብዙ ቤት የፈረሰበት ደብረ ሲና አካባቢ ሁሉም የሚታወቁ የመንሸራተት ቦታዎች ናቸው። ገደላማ መልክዓ ምድር፣ የበሰበሰ የእሳተ ገሞራ አለት፣ የተራቆተ መሬትና የክረምት ዝናብ ሲገናኙ ተዳፋቱ ይለቃል። የሰው እጅም አለበት። ለመንገድ ወይም ለቤት ተብሎ የተዳፋቱ እግር ሲቆረጥ ድጋፉን ያጣል፣ ቦይ ሲደፈን ደግሞ ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ተዳፋት ድንገት የለቀቀ ቢመስልም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ስንጥቅ ከላይ በኩል ይታያል። ዛፍና የመብራት እንጨት ያዘነብላል። ደህና ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋ ይላል። ከዚህ በፊት ውሃ በሌለበት ምንጭ ይፈልቃል፣ ወይም የነበረው ምንጭ ይደፈርሳል።

ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ አንዳንድ ካስማ ምቱ። በካስማዎቹ አናት ላይ ሚስማር አድርጉ። በየቀኑ በሚስማሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ከቀኑ ጋር ጻፉ። ዝናብ እየጣለ ከሆነ ጠዋትና ማታ ለኩ። ርቀቱ በየቀኑ በብዙ እየጨመረ ከሄደ ከተዳፋቱ ሥር ያለው ቤተሰብ ማደሪያ ይቀይር። የባለሙያ ፊርማ አትጠብቁ። ይህ መዝገብ በኋላ ለጂኦሎጂስቱ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ሰነድ ይሆናል።

ናዳ ከደረሰ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ለማዳን ስትገቡ ከላይ ተዳፋቱን ብቻ የሚያይና የሚጮህ ሰው አቁሙ። የወገን ጩኸት እየሰሙ መቆም እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ጎፋ ላይ ያየነው እንዳይደገም ሌላ መንገድ የለም።

እሳተ ገሞራ አመድ ሲወርድብን ምን እናድርግ?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ደርሷል። አፍዴራ አካባቢ ግን ግጦሹ ላይ ነው የወረደው። አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፣ የውሃ ዕቃ ክደኑ። አመዱ ፍሎራይድና ሌላም ነገር ስለሚይዝ ከብቶች አመድ የተነሰነሰበትን ሣር ባይግጡ ይመረጣል። አንድ ውለታ ልጠይቃችሁ። ዝናብ ሳያጥበው በፊት ጥቂት አመድ በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት ያዙልን። ቀኑንና የቦታውን ስም ጻፉበት። ባለሙያው ከሳምንት በኋላ ሲደርስ ያንን አያገኘውም።

ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ መሣሪያ እንትከል ብለው መጡ። ወርቅ ነው የሚፈልጉት?

የመንቀጥቀጥ መለኪያ ወርቅ አያገኝም። ጉድጓድ ውስጥ የሚቀበር ዕቃ፣ ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ ነው። በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ግቢ የሚተከለው አጥርና ጠባቂ ስላለ ነው። መጠራጠራችሁ ግን ተገቢ ነው፣ ሳይነግሯችሁ የሚቆፍሩ ሰዎችን አይታችሁ ይሆናል። ስለዚህ ከመተከሉ በፊት ስብሰባ ይጠራ። ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ጠባቂው ከአካባቢው ሰው መሆኑና ደመወዙ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚነገራችሁ በጽሑፍ ይሁን።

በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች ስምጥ ሸለቆውን ሲያጠኑ በጣም ብዙ መለኪያዎች በየመንደሩ አስቀምጠው ነበር። በጥር 1995 ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ እያፈነዱ የመሬቱን ቅርፊት ውፍረት ለክተዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ነዋሪው እሺታ አይታሰብም።

ጥርጣሬን የሚያጠፋ አንድ ዘዴ አለ። መለኪያው ሲተከል ከኮምፒውተር ጋር ይገናኝና ልጆቹ አጠገቡ እንዲዘሉ ይደረጋል። በዘለሉ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይዘላል። አንድ ልጅ ብቻውን ሲዘል ትንሽ፣ ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ ሲዘል ትልቅ። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን የሚጠብቁት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው።

ዝሆኔ ከአፈር ይመጣል መባሉ ልክ ነው?

በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው ዓይነት፣ አዎ። ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘውን ቀይ ሸክላ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር መርገጥ ያመጣዋል። ደቃቁ ማዕድን በቆዳ ይገባና እግሩን ያሳብጠዋል። አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። የታመመን ሰው ከማኅበርና ከጋብቻ ማግለል ትልቅ በደል ነው። ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። በቆላ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ስላለ ምርመራውን ለጤና ጣቢያ ተዉት። የጂኦሎጂ ክፍሉ ድርሻ የትኛው ቀበሌ በዚያ አፈር ላይ እንዳለ በካርታ ማሳየት ነው። ጫማው መጀመሪያ ለየትኛው ትምህርት ቤት ይታደል የሚለው ከዚያ ይታወቃል።

ለተማሪዎቻችን ጉብኝት ወይም ትምህርት መጠየቅ እንችላለን?

ከሁሉ ቀላሉ ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ እሺ ይባላል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ስላይድ ይዘው ከሚመጡ ይልቅ የሰፈሩን ድንጋይ ይዘው እንዲያስተምሩ ጠይቁ። የሰሜን ተራራ ልጅ የሚረግጠው ላቫ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ መሆኑን ቢያውቅ፣ የአፋር ልጅ የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ የታወቀው በእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች መሆኑን ቢሰማ፣ ትምህርቱ ከደጃፉ ይጀምራል።

ናሙና ወስደው ከሄዱ በኋላ ድምፃቸው ይጠፋል። ምን እናድርግ?

ይህ ቅሬታ እውነት ነው። እኔም ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የአንድ እናት ጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ ይወሰዳል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝኛ ጆርናል ላይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። እናትየዋ ግን ያንኑ ውሃ ለልጆቿ እየሰጠች ነው። ተመራማሪው ክፉ ሆኖ አይደለም። ለዕድገቱ የሚቆጠርለት የታተመው ጽሑፍ ነው እንጂ ለቀበሌው የነገረው አይደለም። ይህ በየዩኒቨርሲቲው መቀየር ያለበት ነገር ነው።

እስኪቀየር ድረስ ግን እናንተ ማድረግ የምትችሉት አለ። ናሙና ሲወሰድ የወሳጁን ስም፣ የትምህርት ክፍሉን ስም፣ የናሙናውን ቁጥርና ቀኑን መዝግቡ። ውጤቱ በስንት ወር እንደሚመለስ አስፈርሙ። ውጤቱ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ፣ በሚገባ ቃል ይሁን በሉ። «ፍሎራይድ 4.2» ከሚል ወረቀት «ይህን ውሃ ሕፃናት አይጠጡ» የሚለው ይሻላል። ሁለቱም ቢኖሩ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ወረቀቱ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በተጨማሪ በትምህርት ቤቱና በጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ካልተመለሰ በመዘገባችሁት ስም ለማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍሉ ጻፉ።

እሺ፣ ደብዳቤ እንጻፍ። ምን ይባላል?

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይጻፍ፣ ግልባጭ ለማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍሉና ለወረዳው ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል። ችግሩ ምንድን ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ስንት ቤተሰብ ይነካል፣ ከዚህ በፊት ማን መጥቶ አይቶት ነበር? በስልክ የተነሣ ፎቶ አያይዙ፣ ፎቶው ውስጥ መጠኑ እንዲታወቅ ሰው ወይም አካፋ ይታይ። የሚገናኙት ሰው ስምና ስልክ ይኑር። ምን ማዋጣት እንደምትችሉም ጻፉ። ማደሪያ፣ መንገድ መሪ፣ አስተርጓሚ፣ የቀን ሠራተኛ። ይህ የመምህሩን የበጀት ጥያቄ በጣም ያቀለዋል። ጊዜውንም አስቡ። የመስክ ሥራ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፣ ስለዚህ ደብዳቤው መስከረም ላይ ቢደርስ ሸጋ ነው። ለመንሸራተት ግን ወር አይጠበቅም፣ ስልክ ደውሉ።

ውጤቱ ክፉ ዜና ቢሆንስ? «ከዚህ ተነሱ» ቢሉንስ?

ሊሉ ይችላሉ። የአባት መሬት፣ ደጀ ሰላሙና መቃብሩ ያለበትን ቦታ ልቀቁ ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ባለሙያው ይህን ሲናገር በስብሰባ ፊት ቆሞ፣ ለምን እንደሆነ በተዳፋቱ ላይ በእጁ እያሳየ መሆን አለበት። በደብዳቤ ብቻ የሚላክ ነገር አይደለም። ማንሣትና ማስፈር የአስተዳደሩ ሥልጣን ነው፣ ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ምክር ነው። ስለዚህ ለሁለቱም የየራሳቸውን ጥያቄ አቅርቡ። ለባለሙያው፦ አደጋው ሙሉውን መንደር ነው ወይስ የተወሰኑ ቤቶችን? በበጋ ማረስና በክረምት ሌላ ቦታ ማደር ይበቃል? ቦይ ቢቆረጥና ዛፍ ቢተከል ይቀንሳል? የምንሄድበት አዲሱ ቦታስ ተጠንቷል? ለአስተዳደሩ፦ ማሳው፣ ውሃው፣ ትምህርት ቤቱ የት ነው? መልሱ ካላረካችሁ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ ትችላላችሁ።